ከዳር ሆኖ ባሕርን መመዘን

ዓሣ ለማጥመድ ወደ ባሕር ዳርቻ እንደምወጣ የሚያውቁ ሰዎች ማለዳ ሲያገኙኝ «ዛሬ ባሕሩ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ለብዙ ዓመታት መልሴ «ጥሩ ነው» ወይም «ዛሬስ አይሆንም» የሚል ነበር። እያደር ግን ይህ አመላለስ ራሴን እያሳሳተኝ እንደ ነበር ገባኝ። ከዳርቻ ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው ሙሉ ቀን ጥሩ ወይም ሙሉ ቀን መጥፎ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለው፣ ውኃው፣ ነፋሱና ብርሃኑ በአንድ ቦታ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት የሚስማሙበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሁን የምመዝነው ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱንና የምቆምበትን ቦታ ነው።

ጀልባ ያለው ሰው ዓሣው ወዳለበት ይሄዳል። እግሩን አሸዋ ወይም ዓለት ላይ የተከለ ሰው ግን ዓሣው ወደ እሱ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ ክሩን አርቆ ቢወረውርም የሚደርስበት ከዳርቻው ጋር የተያያዘ ጠባብ የውኃ ሰቅ ብቻ ነው። ይህ ሰቅ ደግሞ ከባሕሩ ሁሉ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ነው። አሁን ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ቦታ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደረቅ አሸዋ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የጠራው ውኃ ከሰዓት በኋላ ደፍርሶ የገዛ እጅን እንኳ የማያሳይ ይሆናል። ዓሣ ወደዚህ ሰቅ የሚገባው ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ነው። እንግዲህ የዕለቱን ሁኔታ መመዘን ማለት ትሉን፣ ሸርጣኑንና ትንንሹን ዓሣ ከአሸዋውና ከዓለቱ የሚያላቅቀው የውኃ እንቅስቃሴ መቼና የት እንደሚኖር አስቀድሞ መገመት ነው። እንቅስቃሴው ለዓሣው በቂ፣ ለእኔ ደግሞ የማያሰጋ መሆን አለበት፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንዳንድ ቀን ሰፊ ነው፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ የለም።

ግምቴን የምጀምረው ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ከሁኔታዎች ሁሉ ከወራት በፊት ሊሰላ የሚችለው እሱ ነውና። ነፋሱን ለአምስት ቀን እንኳ አምኖ መናገር ይከብዳል፤ የሚመጣው ዓመት ሙላት ግን ዛሬውኑ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ሙላትና ጉድለት ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት እንደሚመጣ አስረዳ፤ ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት፣ በ1870ዎቹ የአንድን ወደብ ሙላት አስቀድሞ የሚያሰላ ባለ ብዙ መዘውር መሣሪያ አሠራ። ዛሬ በስልካችን ከፍተን የምናየው ሠንጠረዥ የዚያው አሰላል ወራሽ ነው።

በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሞላ ባሕር ነገ የሚሞላው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አካባቢ ነው። ይህች ትንሽ የምትመስል መዘግየት በሰባት ቀን ተደምራ ስድስት ሰዓት ልትሞላ ትቃረባለች። ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እጅግ መልካም ሰዓት ባሳለፍኩበት ቦታ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት እመለስና ባዶ እጄን እገባ ነበር፤ ዓሣው ቦታውን የለወጠ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ ግን ሙላት ላይ የነበረው ሰዓት ጉድለት ላይ ወድቆ፣ እኔም ክሬን የምጥለው ባለፈው ሳምንት ዓሣው ሲመላለስበት ከነበረው ስፍራ ርቆ በሚገኝ ሌላ ወለል ላይ ነበር። ይህ ስሌት ለሁሉም ባሕር እኩል እንደማይሠራ ግን መታወቅ አለበት። በሜዲትራኒያን አብዛኛው ዳርቻ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ነው፤ በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ባሕሩ የሚሞላው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሠንጠረዥ ሲነበብ ለሚቆሙበት ዳርቻ የተሰላው መሆኑን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሙላቱ ሰዓት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው የሚሮጥበት ሰዓት ነው። ባሕር ሲሞላ በእኩል ፍጥነት አይሞላም። የቆዩ መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል አቆጣጠር አለ፤ ከጉድለት እስከ ሙላት ያለውን ከፍታ ለአሥራ ሁለት ይከፍሉና በመጀመሪያው ሰዓት አንዱን እጅ፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስቱን፣ በአምስተኛው ሁለቱን፣ በስድስተኛው አንዱን እጅ ይሰጡታል። ልዩነቱ 3.6 ሜትር ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ባሕሩ ከፍ የሚለው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን በእያንዳንዱ 90 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ሙሉ ጨረቃ በሆነችና አዲስ ጨረቃ በወጣች በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ሩጫው ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይሰክናል። በአሸዋማ ዳርቻ ላይ እኔ የምመርጠው ሲሞላ ያለውን ሦስተኛና አራተኛ ሰዓት ነው፤ ውኃው ለሰዓታት ደርቆ የቆየውን አሸዋ እንደ ገና ሲሸፍን ከውስጡ የሚወጣውን ዓሣው ተከትሎት ይመጣልና። ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ግን ተቃራኒው ይሻለኛል፤ ባሕሩ ሲጎድል ወንዙ ምግቡን ይዞ ስለሚወጣ ትልልቁ ዓሣ አፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሠንጠረዡ የማያውቀው ነገርም አለ። ስሌቱ ጨረቃንና ፀሐይን እንጂ የዕለቱን አየር አይመለከትም። የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲወርድ የባሕሩ ገጽ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከተለመደው 1013 ወደ 983 ከወረደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። ወደ የብስ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ ሲታከልበት የበለጠ ይሆናል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በገደል ሥር ኢምንት ነው፤ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ሜዳማ አሸዋ ላይ ግን ውኃውን 30 ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ባሕሩ በሠንጠረዡ ከተጻፈለት ወሰን አልፎ ዕቃዬን ያስቀመጥኩበት ደረቅ አሸዋ ድረስ ሲመጣ ካየሁ ወዲህ፣ ከሙላቱ ቁጥር ጎን የግፊቱን ቁጥር ሳላነብ አልወጣም።

ወደ ነፋሱ ልምጣ። የዛሬ ዘመን የአየር ትንበያ የነፋሱን ፍጥነት በጉልህ ያሳየናል፤ ለዳርቻ አጥማጅ ግን ከፍጥነቱ የማያንሰው አቅጣጫው ነው። ያው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ሲመጣና ከየብስ ወደ ባሕር ሲወጣ ሁለት የተለያዩ ባሕሮችን ይሠራል። ከባሕር የሚመጣው ሞገዱን ያነሣል፣ አሸዋውን ያውካል፣ ተንሳፋፊውን ምግብ ወደ ዳር ይሰበስባል። ከየብስ የሚወጣው ደግሞ ዳሩን ጸጥ ያደርገዋል፤ ክር ለመወርወር ያመቻል፣ ዐይንንም ደስ ያሰኛል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጠርቶ ከተኛ ውኃ ጋር ብቻ ያፋጥጣል። ጀማሪዎች ከየብስ የሚነፍስበትን ቀን ሲመርጡ አያለሁ፤ ምቾቱ ስለሚስባቸው ነው። እኔ ግን ፊቴን መጠነኛ ነፋስ እየመታኝ፣ አልፎ አልፎ የሞገዱ አናት ነጭ ሲሆን ባየው እመርጣለሁ። በአየርላንድ የተወለደው የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያዘጋጀው የነፋስ መለኪያ ዛሬም የሚያገለግለኝ ለዚህ ነው፤ መለኪያው ነፋስን በዐይን ከሚታይ ምልክት ጋር ያያይዛል። እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ መታየት ሲጀምር ሦስተኛው ደረጃ ነው፣ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር። ነጩ አረፋ በየቦታው ሲበዛና ፍንጥቅጣቂው በነፋስ መነሣት ሲጀምር አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል፤ በዚያን ጊዜ ከባሕር የሚመጣ ከሆነ እኔ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ወይም ከለላ ያለው ሌላ ዳርቻ እፈልጋለሁ።

ነፋስ የሚያመጣው ሌላው ለውጥ የውኃው ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ምድር በመዞሯ ምክንያት ነፋስ የሚገፋው የላይኛው ውኃ በአጠቃላይ የሚጓዘው ነፋሱ ወደሚሄድበት በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ። ስለዚህ በዳርቻው ትይዩ ለቀናት የነፈሰ ነፋስ ሞቃቱን የላይ ውኃ ከዳርቻው አርቆ ሊወስደውና በምትኩ ከታች ቀዝቃዛውን ሊያወጣ ይችላል። ፀሐይዋ ያው፣ ሰማዩ ያው፣ ሙላቱም ያው ሆኖ ሳለ ትናንት የነበረው ዓሣ ዛሬ ድራሹ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ በክር የታሰረ ቴርሞሜትር ይዤ እሄዳለሁ። ከትክክለኛው ቁጥር ይልቅ የምፈልገው ካለፈው ጊዜ ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ በአንድ ጊዜ ወርዶ ካገኘሁት ብዙ አልጠብቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ሞገድ፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ሕይወቴን ሊያስከፍለኝ ደርሶ ነበርና። ትንበያ ላይ «የሞገድ ከፍታ 1.2 ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛው ሰው እያንዳንዱ ሞገድ 1.2 ሜትር የሚሆን ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን በአንድ ጊዜ ውስጥ ከሚያልፉት ሞገዶች መካከል የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ከእነሱ ውስጥ አልፎ አልፎ የቁጥሩን እጥፍ የሚሆን ይመጣል፤ ይህ የተለመደ ነገር ነው። ሁለተኛው ቁጥር፣ አብዛኛው ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ በአንዱ ሞገድና በሚከተለው መካከል ያለው የሴኮንድ ብዛት ነው። በአካባቢው ነፋስ የተነሣ ሞገድ በአምስት በስድስት ሴኮንድ ይመላለሳል፤ ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ የመጣ ሞገድ ግን አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሴኮንድ ይወስዳል። በጥልቅ ባሕር ላይ የአምስት ሴኮንዱ ሞገድ ርዝመት 39 ሜትር ገደማ ነው፤ የአሥር ሴኮንዱ 156 ሜትር ይሆናል። ከፍታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ዳርቻው ላይ የሚያፈሱት ውኃ የሚነጻጸር አይደለም። እንዲህ ያለው ሞገድ ከየት ድረስ ሊመጣ እንደሚችል የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳይተዋል፤ በደቡቡ ውቅያኖስ ማዕበል የተነሣውን ሞገድ በፓስፊክ ላይ በተዘረጉ ጣቢያዎች እየተከታተሉ እስከ አላስካ ድረስ ለኩት። ስለዚህ እኔ በቆምኩበት ስፍራ ነፋስ የለም ማለት ሞገድ የለም ማለት አይደለም።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በአካሌ የተማርኩት ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው። ትንበያው 1.2 ሜትር፣ 14 ሴኮንድ ይል ነበር፤ እኔ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቼ ተረጋጋሁ። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ከውኃው ከፍ ብሎ በተዘረጋ ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ወጣሁ፤ አራት አምስት ደቂቃ ያህል አየሁና ከታች የሚንሳፈፈው ሞገድ ጉልበቴን እንኳ የማይነካ ስለ መሰለኝ ዕቃዬን አስቀምጬ ክሬን ጣልኩ። እግሬ ሥር ያለው ዓለት ጥቁርና እርጥብ መሆኑን፣ ከኋላዬም እስከ ትከሻዬ ከፍታ ድረስ ያለው እርጥብ መሆኑን አይቼዋለሁ፤ ግን ጤዛ ነው ብዬ አለፍኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ውኃው ከዓለቱ ሥር ባልተለመደ ሁኔታ ወረደ፤ ከዚያ በፊት ያላየኋቸው ቡናማ የባሕር ሣሮች ተጋልጠው ወደ ታች ሲንጠለጠሉ አየሁ። ቀጥሎ የመጣው የሚያገሣና የሚሰበር ሞገድ አልነበረም። ባሕሩ በጠቅላላው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከፍ አለና በዓለቱ ላይ ወጥቶ እስከ ወገቤ ደረሰ። ክብደቴ ሁሉ ከእግሬ ሲለቅ ይሰማኝ ነበር። ሁለት እጄን ዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ከትቼ ያዝኩ፤ ውኃው ሲመለስ ዓለቱ ላይ የተጣበቁት ስለታም ዛጎሎች መዳፌን ከፈሉት። ዘንጌና ከረጢቴ ሄዱ። ሁለተኛው ሞገድ ከመድረሱ በፊት ወደ ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚለውን አባባል ከዚያ ቀን በፊትም ደጋግሜ እናገረው ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊት ለፊት አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮችን ሳላደርግ ዓለት ላይ አልወጣም። አንደኛው ሰዓት ይዞ ሃያ ደቂቃ ማየት ነው። ከሩቅ የሚመጡ ሞገዶች በቡድን በቡድን ይጓዛሉ፤ በሁለት ትልልቅ ቡድኖች መካከል ለብዙ ደቂቃ ባሕሩ የተኛ ሊመስል ይችላል፣ አምስት ደቂቃ ያየ ሰው ደግሞ ያየው የእረፍቱን ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የዓለቱን እርጥበት መመርመር ነው። ዓለት በቅርቡ ሞገድ እንደ ደረሰበት አይደብቅም፤ የጠቆረው መስመር የት ላይ እንደሚያበቃ ማየት፣ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ውኃ አዲስ አረፋ ያለው መሆን አለመሆኑን መመልከት ይበቃል። እርጥቡ መስመር ከምቆምበት በላይ ከሆነ ዓሣው የቱንም ያህል ሲዘል ባየው እዚያ አልቆምም።

አሸዋማው ዳርቻ የሚነበበው በሌላ መንገድ ነው። ላላስተዋለው ሰው አሸዋ ሁሉ አንድ ነው፤ ከውኃው በታች ግን ጉብታና ቦይ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው በትልቁ ጉድለት ቀን ያለ ዘንግ መሄድ ነው። ባሕሩ እስከ መጨረሻው ሲሸሽ ቦዮቹ ውኃ እንደ ቋጠሩ ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሆነ አንድ ቦይ ውስጥ ገብቼ በእርምጃ ለካሁት፤ ስፋቱ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ጭኔ ድረስ ነበር፤ በባሕሩ በኩል ያለው ጠርዝ በሸርጣን ጉድጓድ ተበሳስቶ ነበር። በየብስ በኩል ካለ አንድ ዛፍና ከአንድ ነጭ ድንጋይ ጋር በዐይኔ አስተካክዬ ቦታውን ያዝኩት። ባሕሩ ሲሞላ ያ ቦይ አይታይም፤ እኔ ግን ክሬን የምጥለው እዚያ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከእሱ አሳልፎ ይወረውራል። ከባድ ማዕበል ካለፈ በኋላ አሸዋው ስለሚጓዝ ልኬቱን እንደ ገና መጀመር ግድ ይሆናል።

ባሕሩ ሞልቶ ሳለም ሞገዱ ራሱ የታችኛውን ወለል ይናገራል። ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ከፍታ አንድ ከሦስት አሥረኛ ያህል ሲሆን ነው፤ የአንድ ሜትር ሞገድ በተሰበረበት ቦታ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። ነጩ መስመር ጉብታው ነው፤ ከነጩ በስተዳር ያለው ጠቆር ያለ ጸጥተኛ ሰቅ ቦዩ ነው። በነጩ መስመር መካከል ሞገድ የማይሰበርበት፣ ውኃው ጠቆር ብሎ አረፋና የተበጠሰ ሣር ወደ ጥልቁ ይዞ የሚሄድበት ክፍተት ከታየ ደግሞ በሞገድ የመጣው ውኃ የሚመለስበት ጅረት ነው። ምግቡም በዚያ ስለሚያልፍ በጎኑ ክር መጣል እጅግ ያዋጣል። ነገር ግን እግርን አስገብቶ ለመወርወር አንድ እርምጃ እንኳ ወደዚያ መቅረብ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ጅረት ሲበረታ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል፣ ያም ፈጣን ዋናተኛ የማይቋቋመው ፍጥነት ነው። ዋና ለሚዋኝ ሰው አደገኛ የሆነው ቦታ ለአጥማጁ መልካሙ ቦታ መሆኑ ደስ አይለኝም፤ ሰው በሚዋኝበት ዳርቻ ግን ክሬን አልጥልም፤ ያየሁትንም ለዋናተኞቹ እነግራቸዋለሁ።

የውኃው ጥራት ምን እንደምሰካና በምን እንደምሰካ ይወስናል። ረጋ ባለ ቀን እስከ ጉልበቴ ገብቼ የእግሬን ጣቶች አያለሁ። ጥርት ብለው ከታዩኝ ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ እጠቀማለሁ፣ ከዳሩም ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ ቀኑ ፀሐያማ ከሆነም እስኪመሽ እጠብቃለሁ። ጣቶቼ ካልታዩኝና ውኃው ከደፈረሰ ሽታው የሚሄድ ማባበያ እመርጣለሁ፤ ዓሣ በጎኑ ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመር የውኃውን ንዝረት ስለሚያውቅ በድፍርስ ውስጥም አይጠፋበትም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ከማዕበል ማግስት ያለውን ባሕር ነው፤ ነፋሱ ወድቆ፣ ሞገዱ እየቀነሰ፣ ውኃው ገና ቡናማ ሆኖ ሳለ። ሲባስ የሚባለው ብርማ ዓሣ እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ ለማመን በሚያስቸግር ሁኔታ እስከ ዳሩ ድረስ ይመጣል። ይህን ተስፋ የሚያበላሸው የተበጠሰ የባሕር ሣር ነው። ሁለት ጊዜ ጥዬ ሁለቱንም ጊዜ ክሩ ሣር ተሸክሞ ከተመለሰ ትግሉን እተወዋለሁ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሣር ያልገባበት የታጠፈ ዳርቻ መፈለግ ይሻላል።

ስለ ብርሃን ብዙ የምለው የለኝም፤ ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ያለው ጊዜ መልካም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የምጨምረው፣ የሙላቱ ሩጫ ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር የሚገጥምባቸው ቀናት በወር ውስጥ ጥቂት መሆናቸውንና እነዚያን ቀናት ከሠንጠረዡ አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚቻል ነው። የማለዳው ጸጥታም የራሱ ምክንያት አለው። ቀን የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ወደ የብስ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላም ይበረታል፤ ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይገለበጣል። በሞቃት ወቅት በማለዳው እርጋታ ተታሎ ለከሰዓት በኋላ ማቀድ አይገባም።

ብዙዎች የሚያምኑበትን ሁለት ነገር እኔ አልቀበልም፤ ምክንያቴንም መናገር ይገባኛል። አንዱ የአየር ግፊት ለውጥ ዓሣውን በቀጥታ ያስርበዋል ወይም አፉን ያዘጋዋል የሚለው ነው። ግፊቱ በ20 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ዓሣው ላይ የሚሰማው ለውጥ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ከፍ ቢል ከሚሰማው ጋር እኩል ነው፤ በላዩ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሞገድ ከዚያ የበለጠ ይለዋውጥበታል። የግፊቱ መውረድ ዋጋ ያለው ነፋስን፣ ደመናንና ሞገድን ስለሚያስከትል ነው ብዬ አምናለሁ፣ እነሱን ደግሞ በቀጥታ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው አሜሪካዊው ጆን አልደን ናይት እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው፣ ጨረቃ ከራሳችን በላይ ወይም ከእግራችን በታች ስትሆን ዓሣ ይመገባል የሚለው ሐሳብ ነው። በባሕር ላይ የጨረቃ ሥራ በሙላቱ ውስጥ አለ፤ ለዓመታት በያዝኩት ማስታወሻ ውስጥ ከሙላቱ ተለይቶ የጠቀመኝ የጨረቃ ሰዓት አላገኘሁም።

ያ ማስታወሻ ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ የሙላቱን ሰዓትና ከፍታ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የሞገዱን ከፍታና ሴኮንድ፣ የውኃውን ሙቀት፣ ጣቶቼ መታየት አለመታየታቸውን፣ የመጀመሪያው ዓሣ የነከሰበትንም ሰዓት እጽፋለሁ። ባዶ የተመለስኩበትን ቀን ሳልጽፍ አላልፍም፤ ያለ እነሱ የተያዘው ዓሣ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሦስት ዓመት ያህል ከጻፍኩ በኋላ አንድ የማዘወትረው ዳርቻ ከ8 ሴኮንድ በታች በሆነ ሞገድ ላይ ከባዶ በቀር ምንም እንደማይሰጥ፣ ሌላው ደግሞ ነፋሱ በግራ በኩል ሲመጣ ብቻ እንደሚሠራ አየሁ። ይህን የሚነግረኝ ትንበያ የለም፤ ትንበያው የተሠራው ለሰፊው ባሕር እንጂ ለእነዚያ ሁለት መቶ ሜትሮች አይደለም።

የመመለሻ ሰዓት የምወስነው ክር ከመጣሌ በፊት ነው። ዓሣ ሲነክስ ሰው ሰዓት አይታየውም፣ በተለይ በገደል ሥር በሚያልፍ መንገድ የገባ ሰው መንገዱ በውኃ ሲዘጋ ላያስተውል ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን የያዝኩትን ዕቅድ ሁሉ እተዋለሁ፤ አሁን የምንጠቀምባቸው ዘንጎች ከካርቦን የተሠሩ ስለሆኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሜዳማ አሸዋ ላይ ዘንግ ይዞ የቆመ ሰውም ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ያለው እሱ ነው። ለቀረው ጊዜ ሰዓቴን ከማመን በተጨማሪ ከውኃው ዳር አንድ ድንጋይ እመርጣለሁ። ድንጋዩ ሲሸፈን እነሣለሁ ብዬ ለራሴ እናገራለሁ።

ባለፈው ጉዞዬ የመረጥኩት ድንጋይ የዳቦ ቅርጽ ያለው፣ አናቱ ላይ ነጭ ቁስል የመሰለ ጭረት ያለበት ነበር። ማዕበሉ ካለፈ ሁለተኛ ቀን ነው፤ ነፋሱ ፊቴን በቀስታ ይነካኛል፣ ሞገዱ ከ1 ሜትር ያነሰ፣ 9 ሴኮንድ ነው፤ ውኃው ገና አልጠራም፣ ሣር ግን የለበትም። ሙላቱ ሦስተኛ ሰዓቱን እንደ ጀመረ ጀምበር አዘቀዘቀች። ቦዩ ውስጥ የጣልኩት ክር ሁለት ጊዜ ተወዘወዘና ላላ፤ ስስበው ዓሣው ወደ እኔ እየሮጠ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ወጡ፤ ሁለቱን መለስኩ። አራተኛው ሲነካካ ቀና ብዬ አየሁ፤ ነጩ ጭረት አንዴ ብቅ አለ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሞገዶች ግን አልተመለሰም። ክሩን ጠቅልዬ ተነሣሁ።